ምንም የሚቀየር ነገር የለም

ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸውን እዚህ አልደግመውም። ሰምተው ቀኖና ሰጥተውኛል፤ ያ አልቋል። የቀረኝ ሌላ ነው። ጥፋቴ የተሠራው በወረቀት ስለሆነ ወረቀት ላይ ካልወረደ የተናዘዝኩት አይመስለኝም። ደግሞስ ለእሳቸው ስነግራቸው «ሕዝብ በድያለሁ» ብዬ በጅምላ ነው ያለፍኩት። ሕዝብ ብሎ መናዘዝ ቀላል ነው፤ ሕዝብ መልክ የለውም። እኔ የበደልኳቸው ሴት መልክ አላቸው፤ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተርም አላቸው።

በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የከተማ ፕላን ባለሙያ ነበርኩ። ከተማዋን በስም አልጠራትም። ስሟን ከጠራሁ ጥፋቱ ቀስ እያለ ወደ ከተማዋና ወደ መሥሪያ ቤቱ ይንሸራተታል፤ እኔም በመካከሉ ሾልኬ እወጣለሁ። ሥራው ባጭሩ ይህ ነበር፦ በከተማዋ ዙሪያ ያሉ አራት የገጠር ቀበሌዎች ከወረዳው ወጥተው ወደ ከተማ አስተዳደሩ እንዲጠቃለሉ ጥናት ማቅረብ። ሦስት ሆነን ተመደብን። ከሦስቱ ልጅ እኔ ስለነበርኩና እጅ ጽሑፌም ስለሚነበብ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ።

መጠቃለሉ ራሱ ስህተት ነበር አልልም፤ ዛሬም አልልም። ከተማዋ መፈናፈኛ አጥታ ነበር። ዳር ዳሩን ገበሬው ከማሳው እየቆረሰ ለቤት ፈላጊ በድብቅ ይሰጣል፤ መሬት መሸጥ ስለማይቻል ውሉ የብድር ውል መስሎ ይጻፋል፤ የጨረቃ ቤት በየሌሊቱ ይበቅላል። ወረዳው «የከተማ ጣጣ ነው» ይላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ «ከክልሌ ውጭ ነው» ይላል፤ በሁለቱ መሀል የሚኖረው ሰው የውሃ መስመርም መንገድም የሚጠይቀው አጥቶ ነበር። ገበሬውም ቢሆን አንድ ልብ አልነበረውም። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ከተማው ቶሎ ይምጣልን ይሉ ነበር፤ ሦስት ጥማድ ያለው አባታቸው ዝም ይላል። በጥናቱ ውስጥ «የከተማው ጥቅም»፣ «የገጠሩ ጥቅም» ብዬ ሁለት ዓምድ ሠርቼ ነበር። ዓምዶቹ ሲታዩ ያምራሉ፤ መስመሩ ግን ከአንድ መሶብ በሚበሉ ሰዎች መካከል ነበር የሚያልፈው።

የማውቀውን ልንገርዎ፤ ኑዛዜው እዚህ ላይ ነውና። በአገራችን የገጠር መሬትና የከተማ መሬት በሁለት ሕግ ነው የሚተዳደሩት። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩ አዋጅ በየካቲት፣ የከተማው በሐምሌ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሆነው አያውቁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለገበሬው መሬት ያለ ክፍያ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ሰጥቶታል። ክልሉም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞታውን እየመዘገበ፣ የባልና የሚስትን ፎቶ ጎን ለጎን እየለጠፈ፣ አረንጓዴዋን ደብተር ያድል ነበር። ከተማ ግን በሊዝ ነው። ቀበሌው ወደ ከተማ ሲጠቃለል ገበሬው ከጎጆው ንቅንቅ ሳይል ሕጉ ጥሎት ይሄዳል። ጎረቤት የመረጠው የመሬት ኮሚቴ፣ የማን ድንበር በማን እንደተገፋ በቃሉ የሚያውቀው፣ ሥራው ያበቃል። ፋይሉ ከወረዳው መሬት አስተዳደር ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሻገራል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚመድብለት የወረዳው ግብርና «አንተ እኮ ከእኛ ወጥተሃል» ይለዋል። ምክር ቤት ውስጥም፣ በወረዳው ከመሰሉ ገበሬ ጋር ብዙ ሆኖ ይቀመጥ የነበረው፣ በከተማው ከነጋዴውና ከመምህሩ መሀል ጥቂት ወንበር ይደርሰዋል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ስል በደንብ አውቅ ነበር፤ በጥናቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ሦስት ገጽ ጽፌበት ነበር። መሬቱ በርግጥ ለግንባታ እስኪፈለግ ድረስ የገጠሩ ደብተር እንዲጸና፣ የመሬት ኮሚቴው በከተማው ሥር እንዲቀጥል፣ ከተማ አስተዳደሩ የግብርና ባለሙያ ሳይቀጥር ቀበሌዎቹን እንዳይረከብ፣ የምክር ቤቱ ወንበር በሕዝብ ቁጥር ብቻ እንዳይደለደል። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። አንድ ሌሊት ሦስቱንም ገጽ አወጣኋቸው። አውጣ ያለኝ የለም። አለቃዬ ቢያያቸው ይቆጣ ነበር ማለትም አልችልም፤ አላሳየሁትማ። «ጉዳዩን ያንዛዛዋል» ብዬ የፈረድኩት እኔው ነኝ።

በቦታቸው ስለ ዴንማርክ አንድ ገጽ አስገባሁ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ትንሽ ያስቀኛል፤ ከሣቁ በኋላ ግን ዝም ያሰኘኛል። ዴንማርኮች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ማዘጋጃ ቤቶቻቸውን ከ271 ወደ 98 ዝቅ አድርገው ነበር። ቁጥሩን ከአንድ የሥልጠና ጽሑፍ አግኝቼ ለአራት ቀበሌ ጉዳይ ማስረጃ አደረግኩት፤ ምሁር የሚያስመስል ነገር ነበረው። እዚያው ጽሑፍ ላይ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ፣ ማዘጋጃ ቤቶቹ ከየትኛው ጎረቤት ጋር እንደሚዋሐዱ መጀመሪያ ራሳቸው ተነጋግረው እንዲያቀርቡ ዕድል ተሰጥቷቸው እንደነበር ተጽፎ ነበር። ያችን አልቀዳሁም።

ከነዋሪዎቹ ጋር የሚደረገው ስብሰባ ሰኔ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ሆነ፤ የሰኔ ሚካኤል። ገበሬ በእርሻ ወራት የሚሰበሰበው ሞፈር በማይነካበት ቀን ነው። ይህን የማውቅ የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በብልህነቴም ተመስግኜበታለሁ። ቅዳሴው አልቆ፣ ሰዉ ጠበል ጻዲቅ ቀምሶ፣ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ዞረ። መጻፍ የሚችል ፈረመ፣ የማይችል አውራ ጣቱን በሐምራዊው ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ሰብሳቢያችን ስለ መብራት፣ ስለ ቦኖ፣ ስለ መንገድ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ጥያቄ ሆነ። ትራንስፎርመሩ የት ይተከላል? ትምህርት ቤቱ 9ኛ ክፍል ይኖረዋል? ቦኖው በየስንት ቤቱ ነው? እያንዳንዱን ተራ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩ።

ከአምስተኛው ጥያቄ በኋላ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ወገን አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ተነሡ። ፌስታል ከብብታቸው አወጡ። ቋጠሮው ጠብቆ አስቸገራቸው፤ ሰው ሁሉ እስኪፈቱት ጠበቀ። ደብተሩን ገልጠው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው አሳዩን፤ የሟች ባላቸውና የእሳቸው ፎቶ ያለበትን ገጽ። በ1989ኙ ሽግሽግ የደረሳቸው ሦስት ጥማድ እዚያ ላይ ተመዝግቧል።

«ይቺ ደብተር ከተማ ስንገባ ትሠራለች?» አሉ።

ሰብሳቢያችን ወደ እኔ ዞረ። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ።

«እናቴ፣ አይስጉ። ምንም የሚቀየር ነገር የለም።»

ጥቂት ቆም አሉ። አዩኝ። ከዚያ ደብተሩን መልሰው ቋጥረው ተቀመጡ። ቀጥሎ አንድ ወጣት ባጃጅ የሚያስገባ መንገድ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀ፤ እስክሪብቶዬ ወረደ፣ ስድስተኛ ብዬ ጻፍኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? ብዙ ዓመት አገላብጬዋለሁ። የመጀመሪያው መልስ ጥድፊያ ነው፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ጥናቱ ከዚያ በፊት መድረስ ነበረበት። እውነት ነው፤ ግን ትንሽ እውነት ነው፤ «ለጊዜው አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም ነበር። ሌላው መልስ ጠለቅ ይላል። እኔ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በየእሑዱ ማታ የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ ከተማ እየገባሁ፣ በኪራይ ቤት እያደርኩ የተማርኩ ነኝ። የከተማ ልጆች «ባላገር» ሲሉኝ ዳቦ ቆሎዬን ደብቄ ነበር የምበላው። ስለዚህ ከተማ መግባት ለእኔ ሹመት ነበር። ለሰው ሹመት ሲሰጠው ደግሞ ይፈልግ እንደሆነ አይጠየቅም፤ እንኳን ደስ ያለህ ነው የሚባለው። እኚያ ሴት ደብተራቸውን ሲያወጡ የታየኝ የሚሰጋ ሰው አልነበረም፤ እንኳን ደስ ያለዎት ሲባል ያልገባው ሰው ነበር።

ይህን መልስ ለረጅም ጊዜ ወድጄው ኖሬአለሁ። አሁን ሳየው ግን እሱም ራስን ማሳመሪያ አለበት። ስንቅ የተሸከመ ልጅ ያሳዝናል፤ እስክሪብቶ ያነሣው ሰውዬ ግን ልጅ አልነበረም። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ዲግሪ ነበረው፣ ለዚያ ቀን የውሎ አበል ተከፍሎታል።

ሌላም አለ። በየቀበሌው መካከል የወል ግጦሽ ነበር፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ከመስከረም በኋላ ከብት የሚውልበት ለጥ ያለ መስክ። በፕላኑ ካርታ ላይ «ክፍት ቦታ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። በሙያችን ቋንቋ ስህተት አይባልም፤ ቤት የለበትም፣ አጥር የለበትም። ደብተር ያለው የግለሰብ ማሳ ካሳ ይሰላለት ነበር፤ መስኩ የሁሉም ስለሆነ እኛ ዘንድ የማንም ሆነ። ቀበሌዎቹ ከተጠቃለሉ በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች ለመኖሪያ ቤት በማህበር እንዲደራጁ ተፈቀደ። ሃያ አራት ሆነን ተደራጀን። ለእያንዳንዳችን 150 ካሬ የደረሰን እዚያ መስክ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ስብሰባው ላይ ሳለሁ ስለ ቦታ አላሰብኩም ነበር ብል ደስ ይለኛል፤ ሰው ግን ያላሰበውን ነገር ሲያገኝ ይገረማል፣ እኔ ዕጣ ሲወጣልኝ አልተገረምኩም።

በ2006 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ማዘጋጃ ቤት የሥራ ሂደት ባለቤት ሆኜ ተዛውሬ ነበር። አዋጅ 721/2004 ወጥቶ የከተማ መሬት ከሊዝ ውጭ አይገኝም ከተባለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ይዤ በአገልግሎት መስኮቱ በኩል ሳልፍ አንዲት ሴት ፌስታል ሲፈቱ አየሁ። ልጃቸው ሚስት ሲያገባ በእናቱ ማሳ ጥግ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሠርቷል። በገጠሩ ጊዜ ማንም የማይጠይቀው ነገር ነው። አሁን ግን በበሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ ይፈርሳል ማለት ነው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የገጠር ደብተር ነው፤ እዚህ አያገለግልም» አላቸው የመስኮቱ ልጅ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው የነገራቸው።

«ያገለግላል ተብሎ ነበር» አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ከሻዩ ትንሽ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ በር ኋላ ጥፋቴን ያወቅሁ ይመስልዎት ይሆናል። አላወቅሁም። ያሰብኩት መከላከያዬን ነበር፦ እኔ በጽሑፍ ያልኩት ነገር የለም፣ በቃል የተባለ ደግሞ እንዴት ይጠየቃል? ይህንኑ ለማረጋገጥ፣ ማለትም ራሴን ነፃ ለማውጣት፣ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ወርጄ የ2001ዱን ዶሴ አስወጣሁ። ቃለ ጉባኤውን አነበብኩት። ጥሩ ነው። የእጅ ጽሑፉ ይነበባል፤ አሥራ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ አሥራ አንድ መልስ ተሰጥቷል፤ መጨረሻው ላይ «ተሰብሳቢው ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» ይላል። አሳመነኝ። እዚያ ያልነበረ ሰው ሊጠራጠር አይችልም፤ የነበርኩት እኔ እንኳ ለአፍታ አመንኩት። በአምስተኛውና በስድስተኛው ጥያቄ መካከል ክፍተት የለም። ያ ሁሉ ሰው ቋጠሮ እስኪፈታ ድረስ ዝም ብሎ የጠበቀበት ጊዜ ወረቀቱ ላይ ባዶ መስመር እንኳ አልተወም።

ገጹን ስገልጠው ከሥሩ የስም መቆጣጠሪያው ተያይዟል። ከላይ፣ በእኔው እጅ፣ «የተስማሙ ነዋሪዎች ዝርዝር» የሚል ርእስ ተጽፎበታል። ሰዎቹ የፈረሙት ለመገኘታቸው ነበር፤ ርእሱን የጻፍኩት ማታ ቢሮ ገብቼ ነው። ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራዎች በረድፍ በረድፍ። ከመካከላቸው አንዱ የእሳቸው ነው። ስማቸውን ስለማላውቅ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ያወቅሁት ያኔ ነው። አለመመለስ ብቻ ቢሆን ስንፍና ይባል ነበር። እኔ ጥያቄያቸውን ጥዬ ጣታቸውን ወስጃለሁ።

ቤቱ አልፈረሰም ብል ደስ ባለኝ። ጥቂት ወራት አስዘገየሁት፤ ማስቆም እችል እንደነበር አላውቅም፣ ደፍሬ እንዳልሞከርኩ ግን አውቃለሁ። ሦስቱ ጥማድ በኋላ ለመንገድና ለአንድ መጋዘን ተወሰደ። ካሳው በአዋጅ 455/1997 ተሰላ፤ የአምስት ዓመቱ አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ። በሕጉ መሠረት ጉድለት የለበትም፤ ስሌቱን አይቼዋለሁ። በ2011ዱ አዋጅ 1161 ብዜቱ አሥራ አምስት ሆነ፤ ሰው ከጎረቤቱ ሲነጠል ለሚቋረጠው ማኅበራዊ ትስስርም ካሳ ገባበት። ሳነበው ከሦስቱ ገጾቼ ጋር የሚቀራረብ መንፈስ አየሁበት። እሳቸው ዘንድ ግን ለመድረስ ዘግይቷል።

በ2012 ዓ.ም. ፈልጌ ሄድኩ። ከልጃቸው ጋር በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ ልጁ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ቡና አፈሉልኝ፤ እንቢ ማለት ነበረብኝ ይሆናል፣ አላልኩም። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስነግራቸውም አለሳልሼ ነው፦ «ያኔ ስለ ደብተሩ ሲጠይቁ፣ እናቴ፣ በደንብ አላውቅም ነበር» አልኩ።

«ታውቅ ነበር እንጂ፣ ልጄ» አሉ። «እስክሪብቶህን ስታነሣ አይቼሃለሁ።»

ታዲያ ለምን እንደተቀመጡ ጠየቅኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ከጥፋቱ ትንሽ ድርሻ ለእሳቸው ለማካፈል እንደሆነ ስናገረው ገባኝ።

«ሰው ሁሉ መብራት ይፈልግ ነበር» አሉ። «እኔም እፈልግ ነበር።» ከዚያ ሲኒውን ተቀበሉኝና የልጅ ልጃቸው መታወቂያ ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ይህን በትክክል ነገርኳቸው።

በማግሥቱ አንድ ነጭ ወረቀት ወስጄ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጠየቀውን ጥያቄና የሰጠሁትን መልስ ጻፍኩ፤ የስም መቆጣጠሪያው ርእስ ከስብሰባው በኋላ የተጨመረ መሆኑንም ጻፍኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት። ከዶሴው ጋር ይያያዝልኝ ብዬ ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። የገቢ ቁጥር የለውም፣ የመራው ኃላፊ የለም፣ በተዘጋ ዶሴ ላይ ደግሞ ወረቀት አይጨመርም አለችኝ። ትክክል ናት፤ ደንቡን ለሠራተኞቹ ያስረዳሁት እኔው ነበርኩ። ወረቀቱን በትሕትና መለሰችልኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ አሁን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ ነው ያለው።